እጅ የሚደገፍበት ነገር

ነፃነት ሲባል ብዙ ጊዜ ወደ ኅሊና የሚመጣው የመፈታት ሥዕል ነው። ሰንሰለት ሲበጠስ፣ በር ሲከፈት፣ እጅ ካሰረው ገመድ ሲላቀቅ ነፃነት ተገኘ ይባላል። ይህ አስተያየት ሐሰት ባይሆንም ሙሉ አይደለም። የሸማኔው እጅ መወርወሪያውን እንደ ልብ የሚያመላልሰው ድሩ ተወጥሮ ስለቆመ ነው። የበገና ደርዳሪው ጣት ዜማ የሚያወጣው ጅማቱ በሁለት ወገን ጸንቶ ስለተያዘ ነው። ድሩ ቢላላ፣ ጅማቱ ቢረግብ፣ እጅን የሚከለክለው ማንም የለም፤ ነገር ግን እጅ የሚሠራው ያጣል። እንግዲህ ለሚሠራ እጅ ነፃነት ማለት ከማናቸውም ነገር መላቀቅ ሳይሆን የማይከዳ መደገፊያ ማግኘት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ከሆነ ዘንድ አንድ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይከተላል። መደገፊያው በተሰበረ ጊዜ ምትኩን የሚመርጠው ማን ነው? በምን ሚዛንስ ይመርጣል? ሌላ ሰው እጁን ለሚያሳርፍበት ነገር መራጭ የሆነ ሰው ምን ዓይነት ዕዳ ይሸከማል? ጥያቄው በወረቀት ላይ ብቻ ሲታይ ረቂቅ ይመስላል። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ግን ክብደት፣ ስፋትና ዋጋ ያለው ተጨባጭ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ባለሙያዎች ከጣሊያንኛ በተወረሰ ስም ቶርኖ የሚሉት መሣሪያ ሁለት ዓይነት ነው። በብረት ቶርኖ ላይ የሚቆርጠው ስለት በመሣሪያው አካል ላይ ታስሮ በጥርስ በተጠመዘዘ ዘንግ እየተነዳ ይሄዳል። በእንጨት ቶርኖ ላይ ግን የሚዞረው እንጨቱ ሲሆን መሮውን የሚይዘው ሰው ነው። በሠራተኛው እጅና በሚዞረው እንጨት መካከል ያለው አንድ አግድም ብረት ብቻ ነው፤ እርሱም የመሮ መደገፊያ ነው። መደገፊያው ከሥሩ ክብ እግር አለው። ያ እግር የሚገባበት፣ በቶርኖው ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት፣ ከሚፈለገው ቦታ ሲደርስም በቡሎንና ከሥር በሚጨብጥ ጠፍጣፋ ብረት ጠብቆ የሚቆም ሌላ አካል አለ። ይህ አካል የመደገፊያው መያዣ ነው። የተጠናቀቀውን የአልጋ ወይም የጠረጴዛ እግር የሚገዛ ሰው የእንጨቱን ጥራትና የቅርጹን ውበት ያያል፤ መያዣውን አያይም። በምርቱ ላይ የመያዣው ስምም ምልክትም የለም። ጥሩ ሲሆን አይታወቅም፤ የሚታወቀው በከዳ ዕለት ነው።

ክህደቱ በሒሳብ ሊገለጽ ይችላል። 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው የዋንዛ እንጨት በደቂቃ 1,000 ጊዜ ሲዞር ዳርቻው በሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ይጓዛል። መሮው ደግሞ በመደገፊያው ላይ የተኛ መፈንቅል ነው። ስለቱ ከመደገፊያው 1 ሳንቲሜትር ወጥቶ፣ እጅ በሌላው ወገን 40 ሳንቲሜትር ርቆ እጀታውን ሲይዝ፣ እጅ በስለቱ ላይ አርባ እጥፍ ብልጫ አለው። ክፍተቱ ወደ 4 ሳንቲሜትር ቢሰፋ ብልጫው ወደ አሥር እጥፍ ይወርዳል። መያዣው በሥራ መካከል ቢንሸራተት ወይም ቢወዛወዝ ይህ ብልጫ በድንገት ይጠፋል፤ ስለቱ እንጨቱን ይነክሳል፣ እጀታው ይወነጨፋል፣ ጣትም በመደገፊያውና በሚዞረው እንጨት መካከል ሊገባ ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሰው «ምን ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ ከሚያስፈልገው ጊዜ ባነሰ ነው።

እያዞሩ መቅረጽ ጥንታዊ ሙያ ነው። በአክሱም መቃብሮች በተደረገ ቁፋሮ በማዞሪያ የተቀረጹ የዝሆን ጥርስ ሥራዎች ተገኝተዋል። በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞድስሌይ ስለቱን ከሠራተኛው እጅ ወስዶ በተንሸራታች ተሸካሚ ላይ ያሰረውን የብረት ቶርኖ ካዳበረ በኋላ ግን የሥራው ዓለም ተለወጠ። ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 በታተመው «ካፒታል» የመጀመሪያ ቅጽ ይህንኑ አንስቶ፣ ፈጠራው የተካው አንድን መሣሪያ ሳይሆን ራሱን የሰውን እጅ መሆኑን አስገንዝቧል። የእንጨት ቶርኖ ግን እስከ ዛሬ በየትንንሹ ከተማ እጅን አላሰናበተም። እጅ በዚያ ቆሞ አለ፤ ስለዚህም በዚያ የሚደረግ ምርጫ የብረት ምርጫ ብቻ ሊሆን አይችልም።

በሀዲያ ዞን፣ ወደ ጊቤ ሸለቆ በሚያቆለቁለው በሶሮ ምድር፣ በጃጁራ ከተማ ያለ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ቤቱም ባለቤቱም ሐሳቡን እንዲሸከሙ የቆሙ ምሳሌዎች እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደሉም፤ ችግራቸው ግን በየከተማው የሚገኝ ነው። በቤቱ አንድ ባለሙያና ሁለት ወጣት ለማጆች ይሠራሉ። ጊዜው ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበበት ነው። የሀዲያ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ያሆዴን በመስከረም ስለሚያከብር፣ ቤቱን የሚያድስ፣ አልጋ የሚያሠራ፣ ጠረጴዛ የሚያዝዝ ብዙ ነው። በዚህ ሰሞን የቶርኖው የመደገፊያ መያዣ ቡሎኑ ከሚጠብቅበት ላይ ተሰነጠቀ። ሥራው ቆመ። ምክር ግን አልቆመም።

የመጀመሪያው ምክር የፍጥነት ምክር ነው፤ «በብየዳ ይያዝና ሥራው ይቀጥል» የሚል። መካሪው ክፉ አይደለም፤ ግን የብረቱን ጠባይ አልጠየቀም። መያዣው የተሠራው ከጊዛ ነው። ጊዛ ከ2 በመቶ የበለጠ ካርቦን ያለው ብረት በመሆኑ ንዝረትን ይውጣል፤ በዚያው ልክ ግን ተሰባሪ ነው። አስቀድሞ በእኩል ካልሞቀ፣ ለጊዛ የሚሆን ኤሌክትሮድ ካልተገኘ፣ በኋላም ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ፣ በብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ያወጣል። ያም ስንጥቅ ብዙ ጊዜ በቀለምና በዝቃጭ ስለሚሸፈን ለዓይን አይታይም። አበው ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለታቸው ለዚህ ዓይነቱ ጥገና የተነገረ ይመስላል። ልዩነቱ፣ በሩጫ መካከል የሚፈታ መታጠቂያ የሚያሳፍረው ባለቤቱን ሲሆን፣ በሚዞር እንጨት ፊት የሚፈታ መያዣ የሚጎዳው በዚያ ሰዓት የቆመውን ሰው ነው።

ሁለተኛው ምክር የመምሰል ምክር ነው። ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕናም 230 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ቢገባ፣ ከአሮጌ ቶርኖ የተፈታ መያዣ ሊገኝ ይችላል። ምናለሽ ተራ የወደቀውን ብረት የሚያነሳ፣ የተጣለውን የሚያስነሳ የብልሃት መንደር ስለሆነ ይህ ምክር አይናቅም። አደጋው ዓይን በቅርጽ ሲረካ ነው። የመደገፊያ እግር በአንዱ ቶርኖ 25 ሚሊሜትር ነው፤ በሌላው 1 ኢንች፣ ማለትም 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ በሌላውም 30 ሚሊሜትር ነው። ባለ 25ቱ እግር በባለ 25.4ቱ ቀዳዳ ይገባል፤ የገባ ስለሆነም የተስማማ ይመስላል። በመካከላቸው የቀረው አራት አሥረኛ ሚሊሜትር ከጥቂት ወረቀት ውፍረት አይበልጥም፤ ስለቱ ዘንድ ሲደርስ ግን ውዝዋዜ ይሆናል። ሊገባ የማይችል ዕቃ ሐቀኛ ነው፤ በሩ ላይ ይመለሳል። ገብቶ የሚወዛወዝ ግን እንደ አስመሳይ ወዳጅ ነው፤ ጉድለቱን የሚገልጠው በፈተና ቀን ነው።

ሦስተኛው ምክር የስም ምክር ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተሰደው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በየከተማው የሚታየው አዲስ ቆርቆሮና አዲስ ግድግዳ ከፊሉ የነርሱ ላብ ነው። እንግዲህ በጆሐንስበርግ ያለ ወንድም «የቶርኖውን ስም ንገረኝና ኦሪጅናሉን ልላክልህ» ቢል ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን አንድ ፋብሪካ ብዙ ዓይነት ቶርኖ ይሠራል። ዕቃ ሻጩ ወንድምየውን «በሐዲዶቹ መካከል ያለው ክፍተት ስንት ነው? ከሐዲዱ እስከ መዞሪያው ማዕከል ያለው ቁመትስ?» ብሎ ቢጠይቀው ምን ይመልሳል? ቁመቱ ያለፈ መያዣ መደገፊያውን ከማዕከሉ በላይ ያቆመዋል፤ ያጠረ መያዣ እግሩን ከቀዳዳው ብዙ አስወጥቶ እንዲንቀጠቀጥ ያደርገዋል። ክንዱ ያጠረ ከሆነም ከሰፊው ሳህን ዳርቻ አይደርስም። ታላቅ ስም ልኬት አይደለም። ያልተለካ ፍቅርም ውድ ሸክም ሆኖ በአየር ማረፊያ በኩል ሊመጣ ይችላል።

ሦስቱን ምክሮች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ከሦስቱ አንዱም የጀመረው ከቶርኖው ፊት አይደለም። አንዱ ከጊዜው፣ አንዱ ከዓይኑ፣ አንዱ ከስሙ ጀመረ። በቶርኖው ፊት ቆሞ አራቱን ቁጥሮች፣ ማለትም የቀዳዳውን ስፋት፣ የሐዲዱን ክፍተት፣ የማዕከሉን ቁመትና የክንዱን ርዝመት በካሊበርና በሜትር ወስዶ የጻፈ የለም። ልኬት ቀዝቃዛ ሥራ ይመስላል። በእውነቱ ግን ልኬት መራጩ ለራሱ ምኞት ሳይሆን ለነገሩ እውነት የሚሰጠው የመጀመሪያው አክብሮት ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ይህ ሁሉ የባለጠጋ ፍልስፍና ነው፤ ድሀ የሚሠራው ባለው ነው፤ ቶርኖው በቆመ ቁጥር እንጀራ ይቆማል» ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። ሥራ መቆሙ ራሱ ጉዳት ነው፤ የለማጁ እናት በያሆዴ ቀን ባዶ እጇን ብትቀር እርሱም የኅሊና ጉዳይ ነው። ስለዚህ መፍትሔው «ምርጡ እስኪገኝ ይጠበቅ» ብሎ መፍረድ ሊሆን አይችልም። ሁለት ነገሮችን መለየት ግን ያሻል።

አንደኛው፣ ሰው በራሱ ጣት ላይ የሚወስደው ድፍረትና በሌላው ጣት ላይ የሚወስደው ድፍረት አንድ አይደሉም። ባለሙያው ብቻውን ቢሠራና የተበየደውን መያዣ ጠባይ እያወቀ ቢጠቀምበት፣ ሞኝነት ሊባል ይችል ይሆናል፤ በደል ለማለት ግን ያስቸግራል። ለማጁን በዚያ ላይ ሲያቆም ግን ነገሩ ይለወጣል። «እርሱም ፈቅዶ ነው የቆመው» ማለት አያድንም። እንጀራው በሌላ ሰው እጅ ያለ ልጅ የሚሰጠው ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ አይደለም። ለማጁ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ይነቃነቃል» ለማለት ልቡ ቢፈራ፣ ዝምታው ስለ መያዣው ጽናት ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህም መራጩ የመጀመሪያ ግዴታው ጥሩ ብረት ማግኘት ሳይሆን፣ በዚያ የሚቆመው ሰው «ይነቃነቃል» ብሎ ሊናገር የሚችልበትን ቤት መፍጠር ነው።

ሁለተኛው፣ ድህነት የዕቃን ዋጋ ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ የልኬትን እውነት ዝቅ ሊያደርግ ግን አይችልም። ካሊበሩ ለድሀና ለሀብታም አንድ ቁጥር ያነባል። ከዚህ አራተኛው መንገድ ይወለዳል፤ እርሱም በአገር ልጅ እጅ በልክ ማሠራት ነው። ከወፍራም ላሜራ ወለሉ ይቆረጣል፤ ከወፍራም ብረት አንገቱ ይበየዳል። ተራ ብረት ካርቦኑ ጥቂት ስለሆነ ብየዳን ይቀበላል፤ እንደ ጊዛ ንዝረት ባይውጥም እንደ ጊዛ በድንገት አይሰበርም። ቀዳዳው በመሰርሰሪያ በግምት ሳይሆን በሆሳዕና ባለ የብረት ቶርኖ በእግሩ ልክ ይከፈታል። የብየዳው ሙቀት ወለሉን ስለሚያጣምመው ከብየዳው በኋላ ታችኛው ፊቱ ተልጎ ይስተካከላል። በሐዲዶቹ መካከል የሚገባ መሪ ይደረግለታል። እግሩን የሚያጠብቀው ቡሎን ብረቱን እንዳይወጋው ከፊቱ ትንሽ ናስ ይደረጋል። ይህ ሁሉ ተራ ብልሃት ነው። ከውጭ ከሚመጣው የሚያንስበት ነገር መልኩ ይሆናል፤ ካልተለካና ካልተፈተነ ግን ከእጅ አይሻል ዶማ ይሆናል። በአገር የተሠራ መሆኑ ብቻውን አያጸድቀውም፤ ከውጭ የመጣ መሆኑም ብቻውን አያጸድቀውም።

ሥራው ሁለት ሳምንት ቢፈጅስ? የመጠበቁን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? የምርጫው ሥነ ምግባር የሚፈተነው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። ባለቤቱ ለማጆቹን «ቶርኖው እስኪሠራ ቤታችሁ ሂዱ» ቢል የጥንቃቄውን ዋጋ በነርሱ ላይ ጫነው ማለት ነው። መዞር የማያስፈልጋቸውን ባለ አራት ማዕዘን እግሮች በመላጊያ እንዲያወጡ፣ የተጠናቀቁትን በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልሱ ቢያሰማራ፣ ለደንበኛውም መዘግየቱን ከነምክንያቱ ቢነግርና የሚቀርበትን ገቢ ራሱ ቢችል ግን ጥንቃቄው የራሱ ሆነ። በሌላ ሰው ኪሳራ የሚገዛ ጥንቃቄ ከጭካኔ ብዙ አይርቅም።

ይህ ትምህርት ለአገሩ እንግዳ አይደለም። በሀዲያና በከምባታ እንሰት የምትፍቅ ሴት የእንሰቱን ቅጠል ግንድ ባዘነበለ ጣውላ ላይ አጋድማ፣ በእግሯ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ወደ ታች ትስባለች። ጣውላው ቢንሸራተት አስቀድሞ የሚያውቀው የርሷ እግር ነው፤ ቢሰነጠቅም አስቀድሞ የሚወጋው የርሷን እጅ ነው። ጣውላው ይጽና አይጽና ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከርሷ የተሻለ ምስክር የት ይገኛል? በቆጮው ላይ ግን የጣውላው ስም የለም፤ ለእንግዳ ሲቀርብም ጣውላውን የጠረበው ሰው አይታወስም።

ያ ጠራቢ ከመረሳትም የከፋ ደርሶበታል። በዚህ ምድር እንጨት የሚቀርጹ፣ ሸክላ የሚሠሩ፣ ቆዳ የሚፍቁ ወገኖች በሚያንቋሽሽ ስም እየተጠሩ ከጋብቻ፣ ከማዕድና ከመሬት ባለቤትነት ሲገፉ ኖረዋል። ኅብረተሰቡ በእጃቸው ሥራ ላይ ተደግፎ እየበላ፣ የተደገፈባቸውን ሰዎች ግን ከደጅ አቆመ። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ በ1900 ዓ.ም. አስነግረው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም የመሬቱን በር በሕግ ከፈተ። የአዋጅ ቃል ግን በአንድ ቀን ሲነገር፣ የልብ ልማድ በአንድ ቀን አይሻርም። የመያዣው ዕጣና የጠራቢው ዕጣ የሚመሳሰሉት በዚህ ነው፤ ሁለቱም እስኪሰበሩ ድረስ የማይታዩ ተሸካሚዎች ናቸው። ልዩነቱ ታላቅ ነው፤ ብረት ስለተናቀ አያዝንም።

ምሳሌው ከሥራ ቤቱ ደጅ ሲወጣም ክብደቱን አይለቅም። የትምህርት ቤት ወንበር የሚያሠራ ኮሚቴ፣ የሙያ ማሠልጠኛ ዕቃ የሚገዛ ኃላፊ፣ ለተማሪዎቹ መጽሐፍ የሚመርጥ መምህር፣ ለሕዝብ መድረክ የሚያቆም የኪነት ሰው፣ ሁሉም ሌሎች ለሚደገፉበት ነገር መራጮች ናቸው። ብዙዎቹ በመረጡት ላይ ራሳቸው አይቆሙም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ለዳቦ ብቻ አይደለም፤ ለራሱ የሚመርጥ ሰው ሳያስበው ይለካል፣ ይገፋል፣ ይነቀንቃል። ለሌላው ሲመርጥ ግን ደረሰኝ ይበቃዋል። «ርካሹ ተገዛ» የሚል ቃለ ጉባኤ የገዢውን ንጽሕና ያስረዳ ይሆናል፤ የመያዣውን ጽናት ግን አያስረዳም። «ውዱ ተገዛ» የሚለውም እንዲሁ ነው። ከቃለ ጉባኤው በፊት መሟላት ያለበት ነገር ሁለት ነው፤ በሥራው ቦታ የተወሰደ ልኬትና በሥራው ቦታ የሚቆመው ሰው ቃል።

አዲሱ መያዣ ወደ ጃጁራው ሥራ ቤት ሲደርስ ቶርኖው ወዲያው አይነሣም። መያዣው በሐዲዱ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ዝቅ ተብሎ ይታያል። ቡሎኑ ይጠብቃል። መደገፊያው ለእንጨቱ ቀርቦ፣ ሳይነካው፣ ይቆማል። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሳይሰጠው እንጨቱ በእጅ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። ባለቤቱ በሙሉ ክብደቱ መደገፊያውን ወደ ታች ይጫናል፤ ቀጥሎም ገለል ብሎ ለማጁን «አንተም ሞክረው፤ ትንሽ እንኳ ከተነቃነቀ ንገረኝ» ይለዋል። ለማጁ ይጫናል፣ ይገፋል፣ ይስባል። «ቀዳዳው ዘንድ ትንሽ ይሄዳል፣ ጋሼ» ቢል፣ መያዣው ተፈትቶ ወደ ሆሳዕና ይመለሳል፤ ሦስት ቀንም ይጨመራል። ያ ሦስት ቀን እንደ ኪሳራ ሊቆጠር አይገባም። በዚያ ቤት የአንድ ለማጅ ቃል የአንድን ብረት ዕጣ ለመወሰን የበቃበት ጊዜ ነውና፣ መያዣው ገና በሐዲዱ ላይ ሳይጠብቅ እጁ የሚደገፍበትን ነገር አግኝቷል።